ኮሜንታተሩን ከስታዲየሙ ጩኸት ማዳን፦ መልቲባንድ ኮምፕረሽን በሰራውንድ ስርጭት

አባቴ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጥተው አራት ወር አብረውን ተቀመጡ። ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አያመልጣቸውም። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሪሞቱን ከእጃቸው ሳያወርዱ ነው የሚያዩት። ኮሜንታተሩ ሲናገር ድምፅ ይጨምራሉ፤ ደጋፊው ሲያገሳ ይቀንሳሉ፤ በሚቀጥለው ክፍል ሕፃኗ ልጃችን ተኝታለችና። በየመሀሉ ወደ እኔ ዞር ይሉና "ምን አለ?" ይሉኛል።

በሦስተኛው ሳምንት መጠየቁን ተዉት። ድምፁን ዘግተው በምስል ብቻ ማየት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ተወው ልጄ፣ ጆሮዬ አርጅቷል" አሉኝ።

የጆሮ ምርመራ አደረግንላቸው። በዕድሜ የሚመጣ፣ ቀጫጭን ድምፆች ላይ ያለ መጠነኛ መድከም እንዳለ ተነገረን። ነገር ግን ማዕድ ላይ ስናወራ አንድም ቃል አያመልጣቸውም። አማርኛውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቴ ከጎረቤት ጋር የምታወራውን እንግሊዝኛም ይከታተላሉ። ስለዚህ ጥፋቱ የጆሯቸው ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ቅሬታው የአባቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢቢሲ "ጃማይካ ኢን" የተባለውን ተከታታይ ድራማ ሲያሳይ፣ ንግግሩ አይሰማም ብለው ቅሬታ ያቀረቡት ተመልካቾች ከ2,000 በላይ ነበሩ። እነሱ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ደግሞ ያመለጠውን ቃል ከዐውዱ ገምቶ መሙላት ስለሚከብደው ከእነሱ የበለጠ ጥራት ያስፈልገዋል።

በዚህ ጽሑፍ ንግግር በሰራውንድ ስርጭት ውስጥ ለምን እንደሚሰጥም፣ መልቲባንድ ኮምፕረሰር ምን እንደሚሠራና እኔ ለአባቴ እንዴት እንደተጠቀምኩበት አሳያችኋለሁ። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ንግግሩን ማዳን የሚቻለው ገና ለብቻው ባለበት ቦታ ላይ ነው። ከጩኸቱ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ንግግሩ የት ነው ያለው?

ሰራውንድ ስርጭት ሲባል በአብዛኛው 5.1 ማለት ነው። ቁጥሩ የድምፅ መስመሮችን ይቆጥራል፦ የፊት ግራ፣ መሀል፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ እና የኋላ ቀኝ። "ነጥብ 1" የተባለችው ስድስተኛዋ መስመር እስከ 120 ሄርዝ ገደማ ያለውን ጥልቅ ድምፅ ብቻ የምትሸከም ናት።

በእግር ኳስ ስርጭት የተለመደው አከፋፈል ኮሜንታተሩን መሀል መስመር ላይ፣ የስታዲየሙን ድባብ ደግሞ በተቀሩት አራት መስመሮች ላይ ማስቀመጥ ነው። አምስቱም ድምፅ ማጉያዎች ቤቱ ውስጥ ካሉ ጩኸቱ ከዙሪያችሁ ይመጣል፤ ኮሜንታተሩ ከፊት ለፊታችሁ ይናገራል። አእምሯችን በአቅጣጫ የመለየት ትልቅ ችሎታ አለው። መርካቶ መሀል ቆማችሁ ከፊታችሁ ካለው ነጋዴ ጋር ዋጋ የምትከራከሩት በዚህ ችሎታ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቻችሁ ድምፁ ከየት እንደመጣ ያነጻጽሩና የማትፈልጉትን ወደ ጎን ያደርጉታል።

አብዛኛው ቤት ግን አምስት ድምፅ ማጉያ የለውም። ቴሌቪዥኑ ስድስቱን መስመሮች ወደ ሁለት ያጥፋቸዋል። ይህ ዳውንሚክስ ይባላል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢኤስ 775 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ያስቀመጠው ስሌት ይህን ይመስላል፦

ግራ ውጤት = የፊት ግራ + 0.707 × መሀል + 0.707 × የኋላ ግራ
ቀኝ ውጤት = የፊት ቀኝ + 0.707 × መሀል + 0.707 × የኋላ ቀኝ

0.707 ማለት በ3 ዴሲቤል መቀነስ ነው። የጥልቅ ድምፅ መስመሯ አብዛኛውን ጊዜ ትጣላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። "ዳውንሚክስ ንግግሩን ስለሚቀንሰው ነው የማይሰማው" ይባላል። እስቲ እናስላው። አራቱ የድባብ መስመሮች እኩል ጉልበት አላቸው እንበል። በ5.1 የድባቡ ጠቅላላ ጉልበት 4 እጅ ነው። ከዳውንሚክስ በኋላ በእያንዳንዱ ጎን 1 እና ግማሽ፣ በድምሩ 3 እጅ ይሆናል። ንግግሩ ደግሞ በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሆኖ በድምሩ ያው 1 እጅ ነው። በጉልበት ብቻ ካየነው ንግግሩ አልተጎዳም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ተጠቅሟል።

የጠፋው አቅጣጫው ነው። ቀድሞ ከአምስት ቦታ ይመጣ የነበረው ሁሉ አሁን ከሁለት ቀዳዳ ይወጣል። አእምሮ የሚለይበት ፍንጭ ጠፋ። በዚያ ላይ የዘመኑ ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹም ድምፁን ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ነው የሚተፉት።

መጀመሪያ ያበላሸሁት

እኛ ቤት የሀገሩን የነፃ ስርጭት በአንቴና እንቀበላለን። ድምፁ በዶልቢ ዲጂታል 5.1 ነው የሚመጣው። አንቴናውን ከአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ መቀበያ አገናኘሁና ስድስቱን መስመሮች በሶፍትዌር ፈታኋቸው። ከዚያ የቸኮለ ኢንጂነር የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ሁሉንም ወደ ስቴሪዮ አጠፍኩና አንድ ተራ ኮምፕረሰር ጫንኩበት።

ኮምፕረሰር ማለት በጣም ፈጣን እጅ ያለው ሪሞት ያዥ ነው። ድምፁ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ይቀንሰዋል። ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ሬሾ ነው። ገደቡ ከዲጂታሉ ጣሪያ በታች 24 ዴሲቤል፣ ሬሾው 3 ለ 1 ይሁን። ድምፁ ከገደቡ 12 ዴሲቤል ቢያልፍ 4 ብቻ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል፤ 8 ዴሲቤል ተቀነሰ ማለት ነው። ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ አታክ፣ ለመመለስ የሚፈጅበት ደግሞ ሪሊዝ ይባላል።

ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፦ ጩኸቱ ሲመጣ ይቀንስ፣ ንግግሩ ሲመጣ ይመለስ። ችግሩ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮሜንታተሩ ከጣሪያው በታች 20 ዴሲቤል ላይ ይናገራል። የደጋፊው ከበሮና ግሳት በጥልቁ ድምፅ በኩል እስከ 8 ድረስ ይወጣል። ገደቡ 20፣ ሬሾው 4 ለ 1 ቢሆን፣ ከበሮው 12 ዴሲቤል ስላለፈ በ9 ዴሲቤል ይቀነሳል። ተራ ኮምፕረሰር ግን ያለው አንድ እጅ ነው፤ ከበሮውን ሲቀንስ ኮሜንታተሩንም አብሮ በ9 ዴሲቤል ይጥለዋል። ያጠፋው ከበሮው፣ የተቀጣው ተናጋሪው።

አባቴ አምስት ደቂቃ ሰሙና "አሁን ደግሞ ጎል ሲገባ ሰውዬው ይሰምጣል" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

በነገራችን ላይ ብዙ መሣሪያዎች "የሌሊት ሁነታ" የሚሉት አማራጭ ለምን እንደማያረካ ይህ ያስረዳል። በዶልቢ ዲጂታል ዥረት ውስጥ አስተላላፊው የሚልከው የመጠን መቆጣጠሪያ ትእዛዝ፣ በየ256 ሳምፕሉ ሊለወጥ ቢችልም፣ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያሉትን መስመሮች ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚያባዛ ነው። ልጅ እንዳይነቃ ይረዳል። ንግግሩን ከጩኸቱ ለመለየት ግን አልተሠራም።

ድምፁን ወደ ባንዶች መክፈል

መልቲባንድ ኮምፕረሰር ድምፁን በቁመቱ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሪሞት ያዥ ይቀጥርለታል። እኔ የተጠቀምኩት አራት ባንድ ነው፦ ከ200 ሄርዝ በታች፣ ከ200 እስከ 1200፣ ከ1200 እስከ 5000፣ እና ከ5000 በላይ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከበሮው በታችኛው ባንድ 9 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ ቅጣቱ እዚያው ይቀራል። በንግግሩ ባንድ ውስጥ ኮሜንታተሩ 20፣ ከጩኸቱ የተረፈው 22 ላይ ቢሆኑ፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ 18 ገደማ ይሆናሉ። ከገደቡ ያለፉት በ2 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ቅነሳው 2 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም። ኮሜንታተሩ ከ9 ዴሲቤል ቅጣት ተረፈ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ኤፍኤም ጣቢያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ድምፃቸውን ያዘጋጁ ነበር። በሰራውንድ ስርጭት ላይ ሲመጣ ግን የሚጨመሩ ጥያቄዎች አሉ፤ ወደ እነሱ እንመጣለን።

ፊደላችን የሚነግረን

ከ1200 እስከ 5000 ያለውን ባንድ ለምን ለብቻው አወጣሁት? አናባቢዎች ጉልበታቸው ከፍተኛ የሆነው በታችኛው በኩል ነው። ቃሉን ከቃል የሚለዩት አብዛኞቹ ተነባቢዎች ግን ደካማና አጭር ሆነው በላይኛው በኩል ይቀመጣሉ። የፊደል ገበታችንን አስቡት፦ መሠረቱ ተነባቢው ነው፤ አናባቢው በቅርጹ ላይ የሚጨመር እግር ወይም ቀለበት ነው። ጩኸት የሚበላው መሠረቱን ነው። ሰው እየተናገረ እንደሆነ ትሰማላችሁ፤ ምን እንዳለ ግን አይገባችሁም። በዕድሜ የሚመጣው የመስማት መድከምም ከላይኛው በኩል ስለሚጀምር ጉዳቱ እዚያው ላይ ይደራረባል።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። "ተጫዋቹ መጣ" እና "ተጫዋቹ መታ" በአንዲት ድምፅ ነው የሚለያዩት፤ ለእግር ኳስ ተመልካች ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። "ከሰረ" እና "ቀሰረ" እንዲሁ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ በጉሮሮ ተዘግተው የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ፍንዳታው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ቀጥሎም አናባቢው እስኪጀምር ድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ ጸጥታ ይከተለዋል። ተ እና ከ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ትንፋሽ አላቸው።

ይህን ለመፈተን ባለቤቴ እንዲህ ያሉ ጥንድ ቃላት ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አነበበችልኝና ከስታዲየም ድባብ ጋር አደባለቅሁት። በሦስተኛው ባንድ ላይ አታኩን ከ1 ሚሊሰከንድ በታች፣ ሪሊዙንም በጣም አጭር ሳደርገው ሁለት ነገር ሆነ። ኮምፕረሰሩ የጠ ፍንዳታን ላጨው። ወዲያው ደግሞ እጁን ስለለቀቀ ጸጥታዋን የደጋፊው ፉጨት ሞላት። የተላጨ ፍንዳታና የተሞላ ጸጥታ ሲደመሩ ተ ይመስላሉ። ባለቤቴ ራሷ የተናገረችውን መጣ ይሁን መታ መለየት አቃታት። አታኩን ወደ 8 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙን ወደ 120 ስመልሰው ጠ ተመለሰ። የውጭ ሀገር መሣሪያ ላይ ተሞልቶ የመጣ ቅንብር ለእንግሊዝኛ ተስተካክሎ ሊሆን ይችላልና፣ አማርኛ የምታሰራጩ ሁሉ በራሳችሁ ቃላት ፈትኑት።

ቦታው ነው ዋናው

መልቲባንዱን በስቴሪዮው ላይ ስጭነው ከበሮው ችግር መሆኑ ቀረ፤ ጩኸቱ ግን አልቀረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው ጩኸት የሰው ድምፅ ነው፤ ከኮሜንታተሩ ጋር በአንድ ባንድ ውስጥ ይኖራል። ባንድ መክፈል ከበሮን ከሰው ይለያል እንጂ ሰውን ከሰው አይለይም።

ያን ምሽት ነው የገባኝ። እኔ በገዛ እጄ ያጠፍኳቸው መስመሮች ሳይታጠፉ በፊት ኮሜንታተሩ ለብቻው መሀል ላይ ተቀምጦ ነበር! ለይቼ የምፈልገው ነገር ተለይቶ ነበር የመጣልኝ። ሥራውን ከዳውንሚክሱ በፊት ማድረግ ነበረብኝ።

አዲሱ ዕቅድ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ መሀል መስመሩ ላይ ለስላሳ መልቲባንድ ኮምፕረሰር፤ ይህ ሹክሹክታውንና ጩኸቱን ያቀራርባል። ሁለተኛው፣ ድባቡ ላይ ያለው ሦስተኛ ባንድ ኮሜንታተሩ ሲናገር ብቻ ትንሽ እንዲጎነበስ ማድረግ። ማለትም ድባቡን የሚቀንሰውን እጅ የሚያዝዘው ድባቡ ራሱ ሳይሆን መሀል መስመሩ ነው። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

ንግግር = የመሀል መስመር መጠን፣ ከ1200 እስከ 5000 ሄርዝ
ድባብ = የአራቱ መስመሮች የታጠፈ መጠን፣ ከ1200 እስከ 5000 ሄርዝ
ልዩነት = ንግግር − ድባብ
ንግግር አለ እና ልዩነት ከ6 በታች ነው? ቅነሳ = 6 − ልዩነት፤ ከ6 ግን አይበልጥም
አለዚያ፦ ቅነሳ = 0

ቁጥሮቹ ሁሉ በዴሲቤል ናቸው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቅነሳው የሚመጣው ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ጨዋታው ጸጥ ሲል ምንም አይነካም። ቅነሳው ደግሞ በአንድ ባንድ ላይ ብቻ ስለሆነ ከበሮው ከታች፣ ከ5000 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅም ከላይ እንዳሉ ይቀራሉ። ስታዲየሙ አይሞትም፤ ለተናጋሪው ገለል ብሎ መንገድ ይለቃል። ለዚህ ቅነሳ 20 ሚሊሰከንድ አታክና 400 ሚሊሰከንድ ሪሊዝ ሰጠሁት። ሪሊዙን ካሳጠራችሁት በየቃሉ መሀል ጩኸቱ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ይሰማል፤ ከመጀመሪያው ችግር የባሰ ያሰለቻል።

ለመሀል መስመሩ የተነሳሁባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

ከ200 በታች፦ ሬሾ 3፣ አታክ 30፣ ሪሊዝ 300
ከ200 እስከ 1200፦ ሬሾ 2፣ አታክ 15፣ ሪሊዝ 200
ከ1200 እስከ 5000፦ ሬሾ 2፣ አታክ 8፣ ሪሊዝ 120
ከ5000 በላይ፦ ሬሾ 1.5፣ አታክ 5፣ ሪሊዝ 80

ጊዜዎቹ በሚሊሰከንድ ናቸው። የታችኛው ባንድ ለምን ቀርፋፋ እንደሆነ ለማየት የ60 ሄርዝን ድምፅ ውሰዱ፦ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ኮምፕረሰሩ ከዚያ ከፈጠነ መጠኑን መቆጣጠሩን ትቶ ሞገዱን ራሱን ይቀርጸዋል፤ ያም መሻከር ሆኖ ይሰማል። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ገደቦቹን እንደ ስርጭቱ መጠን አስተካክሏቸው።

ኮድ ስትጽፉ የሚይዙ ሦስት ወጥመዶች

አንደኛ፣ አራቱን የድባብ መስመሮች አስተሳስሩ። እያንዳንዱ መስመር በራሱ ቢወስን፣ ከኋላ ግራ አንድ ሰው ጥሩምባ ሲነፋ ያ መስመር ብቻ ይቀንስና ስታዲየሙ በሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይመስላል። መጠኑን ከአራቱ ድምር ለኩ፤ ቅነሳውንም ለአራቱም እኩል ስጡ።

ሁለተኛ፣ ክሮስኦቨሩ፤ ማለትም ባንዶቹን የሚከፍለው ፊልተር። እኔ የመረጥኩት አራተኛ ደረጃውን የሊንክዊትዝ–ራይሊ ፊልተር ነው። ባንዶቹ መልሰው ሲደመሩ መጠናቸው እንደነበረ ይመለሳል፤ ፌዛቸው ግን ይዞራል። ስለዚህ ድምፁን በሦስት ደረጃ ስትከፍሉ፣ ቀድሞ የወጣው ባንድ በኋለኞቹ ክሮስኦቨሮች ልክ ፌዙ እንዲዞር ኦልፓስ ፊልተር ጨምሩለት፤ አለዚያ መገናኛዎቹ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከዚህም በላይ፣ ባትቀንሱትም እንኳ እያንዳንዱ መስመር በዚያው ክሮስኦቨር ማለፍ አለበት። መሀሉ አልፎ ግራና ቀኙ ካላለፉ፣ በሁለቱም ውስጥ ያለ አንድ ድምፅ በዳውንሚክሱ ላይ ራሱን በራሱ ያጠፋል። እኔ በዚህ ሁለት ምሽት አቃጥያለሁ።

ሦስተኛ፣ መዘግየት። ፌዝ የማያዞሩ ረጃጅም ፊልተሮችን መጠቀም ያጓጓል። ነገር ግን 4096 ቁጥር ያለው እንዲህ ያለ ፊልተር በ48,000 ሳምፕል ፍጥነት ድምፁን ወደ 43 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመዘኛ መሠረት ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ ከቀደመ ወይም በ125 ከዘገየ ሰው ያስተውለዋል። አንዱ ፊልተር ብቻውን ችግር አይሆን ይሆናል፤ ከቴሌቪዥኑና ከሌሎች መሣሪያዎች መዘግየት ጋር ሲደመር ግን ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ከላይ የመረጥኩት ፊልተር በዚህ በኩል ቀላል ነው፤ የኮምፒውተር ጉልበቱም አነስተኛ ስለሆነ ራስበሪ ፓይ ያለ ችግር ይሸከመዋል።

ጆሮን እንዳያታልላችሁ

ኮምፕረሰር ድምፁን ካቀራረበ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ መልሶ ይጨመራል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለውን ሁሉ "የተሻለ" ይለዋል። ስለዚህ ከማነጻጸራችሁ በፊት ሁለቱን መጠናቸው እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። መለኪያው ቢኤስ 1770 ይባላል። የመስመሮቹን ጉልበት በጆሮ ስሜት መዝኖ ይደምራል፤ የጥልቅ ድምፅ መስመሯን አይቆጥርም። የአውሮፓ ስርጭት ዒላማው −23፣ የአሜሪካው −24 ነው። አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ ጎልቶ እንዳይጮህ የሚከለክለው ሕግ የሚያርፈውም በዚህ መለኪያ ላይ ነው።

የመጨረሻው መለኪያ ግን ሰው ነው። አባቴን "ይሻላል?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ለእኔ ሲሉ "አዎ" ይሉኛል። ይልቅ አንድ ደቂቃ አስደምጣቸውና ኮሜንታተሩ ምን እንዳለ እንዲነግሩኝ አደርግ ነበር። ቅንብሩን ሳልነግራቸው እቀያይራለሁ። የሚሳሳቱበትን ቃል እየጻፍኩ ቁጥሮቹን አስተካከልኩ።

ኮድ ለማትጽፉ

ቤታችሁ ያለው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ብቻ ከሆነ፣ የመቀበያ ሳጥኑን የድምፅ ምርጫ ከሰራውንድ ወደ ስቴሪዮ ቀይሩት። ሰራውንድ ላይ ተትቶ መሀል መስመሩ መሄጃ ያጣባቸው ቤቶች አጋጥመውኛል፤ ጩኸቱ ሁሉ አለ፣ ተናጋሪው የለም። የራሱ መሀል ድምፅ ማጉያ ያለው ሳውንድባር ካላችሁ መሀሉን ብቻ በ3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ። "የጠራ ድምፅ" ወይም "የንግግር ማጉያ" የሚል ምርጫ ካለ ከሌሊት ሁነታው በፊት እሱን ሞክሩ። ወላጆቻችሁ ድምፅ ሲጨምሩ "ጆሯቸው ነው" ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሪሞቱን ተቀብላችሁ ይህን ፈትሹ። ምርመራውንም ግን አትተዉ፤ ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ስርጭት ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ ንግግሩ ለብቻው ያለበት የመጨረሻው ቦታ የእናንተ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ካለፈ በኋላ ማንም መልሶ በሙሉ ሊለየው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ በዊምብልደን የሬዲዮ ስርጭቱ ላይ አድማጩ ራሱ የኮሜንታተሩንና የሜዳውን ድምፅ ሚዛን እንዲመርጥ በኢንተርኔት ሞክሮ ነበር። በ2017 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ በጀመረችው አዲስ የቴሌቪዥን ስርጭት የተመረጠው ኤምፔግ ኤች፣ ንግግሩን ሳይቀላቅል እስከ ተመልካቹ ቤት ማድረስ የሚችል ነው። አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ ንግግሩ ለየብቻው ይምጣ፣ ሚዛኑን ሰሚው ይወስን። እስከዚያ ግን መሀል መስመሩን ሳይታጠፍ መያዝ የእኛ የፕሮግራመሮች ሥራ ነው።

አባቴ መጋቢት ላይ ወደ ሀገር ተመለሱ። በመጨረሻው ቅዳሜ ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሕፃኗ ተኝታ፣ ቡናቸውን ይዘው ጨዋታ ያዩ ነበር። ኮሜንታተሩ ስለ አንድ ቅጣት ምት የሆነ አስተያየት ሰጠ። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ቀጥታ ለቴሌቪዥኑ "ዝም በል፣ ያ ጥፋት አይደለም" አሉት።